ፓልም ሶስት ኤክስ ኢ፦ ወጪ ሲመዘገብባት ጥሩ፣ መዝገቡ ሲወጣ አበሳ

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ፤ ጊዜ ያለው ደግሞ እስከ ታች ያንብብ። የጉዞ ወጪ በኪስ ለመያዝ ፓልም ሶስት ኤክስ ኢ ከምትባለው አሮጌ የኪስ ማስታወሻ የተሻለ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም። ስልክንም ጨምሬ ነው የምለው። ግን የያዘችውን ወጪ ወደ ተራ ጽሑፍ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተርና የትኛውም ስልክ ሳያንገራግር ወደሚከፍተው ፋይል ለማውጣት ስትሞክሩ ፊቷን ታዞርባችኋለች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለው አንድ ልጅ ባይኖር ኖሮ መዝገቤ እዚያው ውስጧ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ሁለት ነገር ነው፤ መሣሪያዋንም፣ የልጁንም ሥራ።

ሥራዬ የጭነት መኪና ሂሳብ መያዝ ነው። አለቃዬ ሐጂ አይሱዙዎች አሏቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ ይወርዳሉ፤ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርገው ወልድያ ይገባሉ፤ አንዳንዴም ወረኢሉ ድረስ። ሹፌር ከጉዞ ሲመለስ ኪሱ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። ናፍጣ፣ ጎሚስታ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የረዳት አበል፣ ምሳ፣ የመኪና ማሳደሪያ። ግማሹ ደረሰኝ አለው፣ ግማሹ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ በእስክሪፕቶ የተሞነጫጨረ ነው፣ የቀረው ደግሞ «አስታውሳለሁ» ነው። ይሄ «አስታውሳለሁ» የሚባለው ነገር ስንት ሹፌርና ስንት ባለ መኪና እንዳጣላ ያየ ያውቀዋል። እኔ አብሬ ስሄድ እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ብሩ ከእጅ ሲወጣ መመዝገብ ነው የምወደው። ፓልሟን የያዝኳት ለዚህ ነው።

ለማያውቃት ወጣት ባጭሩ። ፓልም ስማርት ስልክ ሳይመጣ የነበረች የኪስ ማስታወሻ ናት። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጡት። የእኔዋ ሶስት ኤክስ ኢ እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ስትውል አሜሪካን አገር 249 ዶላር ነበረች። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ይዞልኝ መጣ፣ እሱ ሌላ ሊገዛ ፈልጎ። 8 ሜጋባይት ትይዛለች። ስክሪኗ 160 በ160 ነጥብ ብቻ ነው፣ ቀለም የሚባል ነገር የላትም። አትደውልም፣ ኢንተርኔት አታውቅም፣ ፎቶ አታነሳም። ሁለት ቀጫጭን ትሪፕል ኤ ባትሪ ትበላና ለሳምንታት ዝም ብላ ትሠራለች። መብራት ሲፈልግ በሚመጣበት አገር ይህቺ ቀላል ነገር አይደለችም። ባትሪው እስከ መጨረሻው ካለቀ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ሲቀየርም አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የምትታገሰው። አዲሱን ባትሪ በእጅ ሳይዙ አሮጌውን መንቀል የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አብሯት «ኤክስፔንስ» የሚባል ፕሮግራም ይመጣል። ውበቱ የትም ቁልፍ መፈለግ የለም። ትከፍቱታላችሁ፣ ቁጥር መጻፍ ትጀምራላችሁ፣ አዲስ መስመር ራሱ ይከፈታል። ቀኑን ራሱ ይሞላል። የወጪውን ዓይነት የመጀመሪያ ፊደል ስትጽፉ ቀሪውን ይገምትላችኋል፤ የከተማና የሻጭ ስምም ከዚህ በፊት የጻፋችሁትን ያስታውሳል። አጻጻፉ ግራፊቲ በሚባለው የእጅ ጽሑፍ ነው። ከስክሪኑ ሥር ሳጥን አለ፣ በግራ ፊደል፣ በቀኝ ቁጥር። እያንዳንዱ ፊደል ብዕሩን ሳታነሱ በአንድ ምት ይጻፋል። «ኤ» መሐል መስመር የላትም፣ ሁለት እግር ብቻ ናት። ሁለት ቀን ያስቸግራችኋል እንጂ ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል። መኪናው ወደ ባቲ ሲወርድ እየተንገጫገጨ እንኳ ቁጥሩ ይያዛል። ስልክ ላይ ግን ያችኑ ለመጻፍ መክፈቻውን፣ ማስታወቂያውን፣ «አዲሱን ስሪት ጫን» የሚለውን አልፌ፣ ከዚያ ቴሌግራም መልእክት ይመጣና የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል።

የሚያስቀው ደግሞ ፕሮግራሙ ለማን እንደተሠራ ነው። ከፋብሪካ ስትመጣ የወጪ ምድቦቹ ላይ የተጻፈው ኒው ዮርክና ፓሪስ ነው! ወላሂ። እኔ ኒው ዮርክን ባቲ አደረግኋት፣ ፓሪስን ወልድያ። ምድብ 15 ድረስ የራስን መጨመር ስለሚቻል ለአንድ መኪና መንገድ ይበቃል። ዓይነቶቹ ግን 28 ናቸው፣ አይጨመሩም አይቀነሱም። ሊሞዚን አለ። ሰብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ማለት ነው፣ አለ። ፋክስ አለ። ጎሚስታ የለም፣ ጫኝና አውራጅ የለም፣ ደላላ የለም። ምን ይደረጋል፣ ተከፋፈልናቸው። ሰብዌይ ጎሚስታ ሆነ። ሊሞ ባጃጅ ሆነ። ላውንድሪ የመኪና እጥበት። ቲፕስ ጫኝና አውራጅ። ኢንተርቴይንመንት ደላላው ሆነ፣ እሱ ሲያንሰው ነው። ብርም ከተሰጡት የገንዘብ ዓይነቶች ውስጥ አልነበረም፤ ግን የራሳችሁን ገንዘብ የምትጨምሩባቸው አራት ክፍት ቦታዎች አሉ፣ አንዱን ለብር አዋልኩት። ርቀትንም ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር ይቻላል። ይሄ ርቀት የሚባለው በኋላ ጉድ አምጥቷል፣ እመለስበታለሁ።

ለመመዝገብ ከ10 ዘጠኝ እሰጣታለሁ። አንዷን የቀነስኩት በግእዝ ፊደል መጻፍ ስለማትችል ነው። ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚገባው።

መውጫው እንዴት ነው? እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ አላስጨነቀኝም ነበር። ቢሮ ካለው ዴስክቶፕ ጋር በገመድ በተያያዘው ማስቀመጫዋ፣ ክሬድል በሚባለው ላይ አስቀምጬ የሆትሲንክ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ግልባጩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ በቃ። በዚያ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ስንመለስ ኮምፒውተሩ የለም። የወረቀት መዝገቡም የለም፣ ካዝናው ራሱ የለም። የተረፈው ኪሴ የነበረችው ፓልም ብቻ ናት። የስንት ዓመት የናፍጣና የጎማ ሂሳብ በሁለት ባትሪ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው መውጫውን መፈለግ የጀመርኩት። ሌላም ምክንያት አለ። የፓልም የቀን አቆጣጠር ከ1904 እ.ኤ.አ. ተነስቶ 2031 ላይ ያበቃል፤ ለዓመት የተሰጠው ቦታ 128 ዓመት ብቻ ስለሚይዝ። በእኛ ታኅሣሥ 2024 ላይ መንገዱ ይዘጋል። ስክሪኗም እያረጀች ነው፣ ብዕሩ የነካውን ትታ ጎኑን ትመርጣለች።

ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው መንገድ ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ፓልም ዴስክቶፕ በሚባል ፕሮግራም በኩል ወደ ኤክሴል ነው። ሐሳቡ የኩባንያ ሠራተኛ ከጉዞ ሲመለስ ወጪውን በተዘጋጀ ቅጽ ላይ አትሞ ለአለቃው ፈርሞ እንዲሰጥ ነው። ለዚያ ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ቅጹ ራሱ እንቅፋት ነው፤ ርእስ፣ የፊርማ ቦታ፣ ክፍት ሳጥን፣ ቁጥሩ በየሳጥኑ ተበታትኖ። እኔ የምፈልገው አንድ ወጪ በአንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የድሮ ዊንዶውስ ይፈልጋል። የእኔዋ ክሬድል ባለ ዘጠኝ እግር የሲሪያል ሶኬት ነው ያላት፣ የዛሬ ላፕቶፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ዩኤስቢ ያላት የኋለኛ ፓልም ያላችሁ ሰዎችም አትኩራሩ፤ ለ64 ቢት ዊንዶውስ ኩባንያው የዩኤስቢ ድራይቨር ሳያወጣ ነው ያለፈው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤችፒ ገዛው፣ በዓመቱ ደግሞ ኤችፒ መሣሪያዎቹን መሥራት አቆመ። አቤት የሚባልበት ቤት የለም።

ይሄን ሁሉ ይዤ ከተማ ውስጥ ዞርኩ። አንዱ ቤት ፓልሟን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይቺ ሲም የት ነው የምትገባው?» አለኝ። ሌላው የባሰ ነው። ከስክሪኑ እያነበበ በእጁ እንደሚተይብልኝ፣ ክፍያው በገጽ እንደሆነ ነገረኝ። ስንት ሺህ መስመር! በዚያ ላይ በእጅ የተተየበ ቁጥር ማን ያምነዋል። ሦስተኛው «ፎርማት ላድርጋትና ትስተካከላለች» ሲል ከእጁ መንጭቄ ወጣሁ።

ፒያሳ ያለው ልጅ ግን ገና ሲያያት ሳቀ። ከአሮጌ ቻርጀር ጀምሮ የጣለው ነገር የለም፤ መደርደሪያው ላይ ፍሎፒ ሁሉ አለ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ባትሪዋን ማየት ነው። ይሄ ነው የገዛኝ። «ባትሪው እያለቀ ሥራ አልጀምርም፣ ቀይረህ ና ጋሼ» አለኝ። ቀይሬ መጣሁ።

የተጠቀመበት ፓይለት ሊንክ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ነፃ ነው፣ ፓልም ወዳጆች በፈቃዳቸው የሠሩት። በውስጡ ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉት፤ አንዱ አድራሻ ያወጣል፣ አንዱ ማስታወሻ፣ አንዱ ደግሞ በቀጥታ ኤክስፔንስን አንብቦ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተፋል። ልክ ለእኔ የተሠራ ነው የሚመስለው። ልጁ አሮጌ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ አስነሳ። ክሬድሏን ከሲሪያል ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ አገናኘ። ትእዛዙን ጻፈ። ስክሪኑ ላይ የሆትሲንክ ቁልፉን ተጫን የሚል መልእክት መጣ፣ ተጫንኩ፣ ፓልሟ ጢ ጢ ጢ ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ላይ ዝም አለች። የወደብ ስሙና ፍጥነቱ ነበር ችግሩ፤ መሣሪያው ምንም ካልተነገረው በዝግተኛው በ9600 ነው የሚነሳው፣ በየትኛው ወደብ እንደሚፈልጋትም ሊነገረው ይገባል። ያን ካስተካከለ በኋላ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር። ምሳ 45። ናፍጣ። ሰብዌይ፣ መርሳ። የድሮ ረዳታችንን ስም ሳየው ደነገጥኩ፣ ዛሬ የራሱ መኪና አለው።

ልጁ መጀመሪያ ግን ሙሉ ግልባጭ ነው የወሰደው፣ ጽሑፉን ከማውጣቱ በፊት። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። የቆየ መሣሪያ በመሐል ቢያንቀላፋ ቢያንስ ጥሬው ፋይል በእጅ አለ። ጥሬውን ፋይል ደግሞ በኖትፓድ ከፍቶ አሳየኝ፣ ለትምህርት ያህል። የሚገርመው ነገር፣ ግማሹ ይነበባል። ፓልም የብሩን መጠን እንደ ጽሑፍ ነው የምታስቀምጠው፤ የከተማው ስም፣ የሻጩ ስም፣ ማስታወሻው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ቀኑ፣ ዓይነቱና የተከፈለበት መንገድ ግን በኮድ ቁጥር ነው የተቀመጠው፣ በኖትፓድ ሲታይ ዝም ብሎ ጋሬጣ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ተስፋ ላይ የደረሰ ሰው ምንም ፕሮግራም ባያገኝ እንኳ ብሩንና ስሙን ያተርፋል፤ መቼና ለምን የሚለው ነው የሚጠፋው። ለሂሳብ ሰው ደግሞ መቼና ለምን የሌለው ብር ወሬ ነው።

እንግዲህ ጽሑፉ ወጣ። አለቀ ማለት አይደለም። እንዲያውም እውነተኛው ሥራ እዚህ ነው የጀመረው፣ ሰዎች ይህን ክፍል ሲያወሩ አልሰማሁም።

አንደኛ ነገር፣ ፓይለት ሊንክ እያንዳንዱን ወጪ በብዙ መስመር ዘርግቶ ነው የሚያወርደው። ዓይነቱ አንድ መስመር፣ ብሩ አንድ መስመር፣ ከተማው አንድ መስመር እያለ። ለንባብ ጥሩ ነው፣ ለመደመር አይሆንም። ልጁ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ነገር ጽፎ እያንዳንዱን ወጪ ወደ አንድ መስመር ሰበሰበው። በመሐል ኮማ ሳይሆን ታብ አደረገ። ለምን አልኩት። ማስታወሻዬን አሳየኝ፤ «ጎማ፣ ካላማዳርያ፣ ግራሶ» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ውስጡ ኮማ አለው፣ ኮማ መለያ ቢሆን አንዱ ወጪ ሦስት ቦታ ይቆረጥ ነበር። ማስታወሻ ውስጥ አዲስ መስመር የጀመርኩባቸውም አሉ፣ እነሱንም መልሶ ማያያዝ ነበረበት። ይሄን ያላየ ሰው መስመሩ ሁሉ ተሸራርፎ ብሩ በከተማው ቦታ ይገባበታል።

ኪሎ ሜትሩ ደግሞ አለ። በኤክስፔንስ ውስጥ ርቀት የሚባለውን ዓይነት ስትመርጡ የምትጽፉት ቁጥር ብር ሳይሆን መንገድ ነው። ነገር ግን በዚያው በብሩ ቦታ ነው የሚቀመጠው! መሣሪያዋ ላይ ሆኖ «ኪሜ» ብላ ስለምታሳይ አይሳሳቱትም። ጽሑፍ ሆኖ ሲወጣ ግን ከናፍጣው ጋር በአንድ ረድፍ ይሰለፋል። ዝም ብሎ የደመረ ሰው ከደሴ ወልድያ ያለውን መንገድ በብር ይከፍላል ማለት ነው። ይሄን የነቃው ልጁ ነው፣ እኔ ገና ድምሩን ሳላይ። ርቀቱን ለብቻው ረድፍ አወጣው። እንዲህ ሆኖ ሲታይ ደግሞ ሌላ ጥቅም ተገኘ፤ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት ተከፋፍሎ ታየ። የአንዷ መኪና ነገር ሐጂን አላስደሰታቸውም፣ እሱን ለሹፌሩና ለሐጂ እተወዋለሁ።

ቀኑም አለ። ፓልም የምታውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ በጀት ዓመት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ይሄኛው ከሚመስለው ይቀላል። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ በእነሱ ጁላይ 8 ነው፣ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው የመስከረም 1 ነው፣ አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12፣ እስከ የካቲት ድረስም ያንኑ የአንድ ቀን ልዩነት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለግብር ብቻ ዓመት መክፈል የፈለገ ጁላይ 8 ላይ ቆርጦ ይገላገላል። እኔ ግን የኢትዮጵያውን ቀን ከጎኑ እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት፣ ሐጂ በጁላይ አያስቡማ። ቀኑን መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን አድርጎ ጻፈው። እንዲህ ሲጻፍ በፊደል ተራ ሲደረደር በዘመን ተራም ይደረደራል።

ከሁሉ በላይ ያደከመን የከተሞቹ ስም ነው። በላቲን ፊደል ስለሆነ ወልድያን አንዴ በደብልዩ ኢ፣ አንዴ በደብልዩ ኦ፣ አንዴ ዋይ ጨምሬ ጽፌያታለሁ። ኮምቦልቻማ አትጠይቁኝ። ፓልሟ የጻፍኩትን ስለምታስታውስ አንዴ የገባ ስሕተት ለወራት ራሱን ይደግማል። ይሄን ኮምፒውተር ብቻውን አያቃናውም፣ የአገሩን ሰው ይፈልጋል። ልጁ የተለያዩትን ስሞች ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ እየዘረዘረ የሚያሳይ ዝርዝር አወጣልኝ፣ እኔ ከጎናቸው ትክክለኛውን በአማርኛ ጻፍኩ፣ እሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተካ። ሰብዌይም ያን ቀን ጎሚስታ ሆነ። ቢዘገይም ክብሩን አገኘ። ሰብዌይን በዚያው ትተን ግብር ቢሮ ብንሄድ ኖሮ መርሳ ላይ የምድር ውስጥ ባቡር መቼ እንደገባ ማስረዳት ነበረብን።

አማርኛ ከገባ በኋላ ፋይሉን የግእዝ ፊደልንም በሚይዘው አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ኤክሴል ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክትና ጉድ ሆኖ ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ከዳታ በሚለው በኩል ከጽሑፍ አስገባ የሚለውን መርጣችሁ 65001 የሚለውን ዩቲኤፍ 8 ምረጡ፣ ይስተካከላል። ኖትፓድና ስልክ ላይ ምንም ችግር የለም። ለሐጂ ልጅ በቴሌግራም ልኬላት ስልኳ ላይ ከፍታ «ባቲ» ብላ ፈልጋ የባቲን ወጪ ሁሉ አየች። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና «ይሄ ሁሉ በዚያች ሣጥን ውስጥ ነበር?» አሉ። ከዚያ «በወረቀትም አውጣልኝ» አሉ። አውጥቻለሁ። አንዱ ቅጂ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ነው ያለው፣ የት እንደሆነ ግን አልናገርም።

የልጁን ሱቅ እንዴት ላየው? በሥራው አሥር ከአሥር። አጠገቡ አስቀምጦ እያንዳንዱን ሲሠራ አሳየኝ፤ ሲጨርስ ፋይሉን በፍላሼ ላይ ጭኖልኝ የራሱን ግልባጭ ፊት ለፊቴ አጠፋ፣ ሳልጠይቀው። የሰው ሂሳብ ነውና ይህን የሚያደርግ ቤት ብዙ አላውቅም። ዋጋውም ከአንድ ኪሎ ሥጋ አልበለጠም፣ እኔ ነኝ ጨምሬ የሰጠሁት። የማይወደድ ነገር አይጠፋም። ጄኔሬተር የለውም፣ መብራት ከሄደ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ነው የሚሠራው። ወንበሩ አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ዘግቶ ይወጣል፣ ሲመለስም ሲመለስ ነው። ቀጠሮም አይወድም፤ «ና» ይላችኋል፣ ስትመጡ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ይሄን ለሚችል ሰው ግን ሌላ ቦታ አልልክም።

ይህን አንብቦ ፓልም ልግዛ የሚል ካለ፣ የሰለጠነ ሰው እንደማይሆን እገምታለሁ፣ እንደ እኔ ያለ ነው። ያገለገሉ ፓልሞች ከውጭ አልፎ አልፎ ሲመጡ ርካሽ ናቸው። ግን ክሬድል ወይም ገመድ የሌላትን በነፃም አትውሰዱ። ያለ እሱ የገባው አይወጣም። ሁለተኛ፣ ወጪያችሁ ጥቂት ከሆነ ኤክስፔንስን ተዉትና በሜሞ ፓድ ላይ ጻፉ። አንድ ማስታወሻ 4 ሺህ ፊደል ገደማ ይይዛል፣ ሲወጣም እንዳለ ጽሑፍ ነው፣ ኮድ የለ፣ ሊሞዚን የለ። ድምሩ ግን በእጃችሁ ነው። ሦስተኛ፣ ስልክ ለሚጠቀሙ፤ የወጪ አፕ ስታወርዱ ከቀለሙና ከሥዕሉ በፊት ወደ ፋይል አውጣ የሚለው ቦታ የት እንዳለ ፈልጉ። አንዳንዱ እሱን የሚከፍተው ሲከፈለው ነው፣ ለብዙዎቻችን ደግሞ ከዚህ ሆነን በካርድ ዶላር መክፈል ቀላል አይደለም። በሁለት ሦስት ወጪ ሞክሩት፣ አውጡት፣ በኖትፓድ ክፈቱት፣ ብሩ ብር፣ ቀኑ ቀን ሆኖ ካልታየ አጥፉት።

እቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሮጌ ፓልም ያለው ካለ ዛሬውኑ ባትሪዋን ይይ። ልጁ ጋ ስትሄዱ ክሬድሏን ከነገመዷ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪና ባዶ ፍላሽ ያዙ። ዓርብን ተዉት።